በስልክ የተፈተነ እግር

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት የመብራት ገመድ ልዘረጋ ብቻ ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ልኮራበት ነው። ፊደል የለየሁት በወጣትነቴ ተከራይቼባት በነበረች የጭቃ ክፍል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። የለጠፈው ሰው ማንበብ ስለማይችል ግማሹን ገልብጦ ለጥፎት ነበር። እኔም ግማሹን እንደ ሰው፣ ግማሹን አንገቴን አጣምሜ አነበብኩት። ዛሬም ጋዜጣ ገልብጣችሁ ብትሰጡኝ ሳልንተባተብ አነብላችኋለሁ፤ ከተማሩት መሃል ይህን የሚችል ካለ ይምጣ። እንግሊዝኛውን ከሬዲዮና ገጹ ከረገፈ መዝገበ ቃላት ለቀምኩ። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሲነዝረኝ ስህተቴን አርማለሁ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ባሉት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ማብሪያ ስትጫኑ አምፖሉ ከበራ፣ የእኔ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም።

እንዲህ ያለሁ ሰው ግን በዕድሜዬ ሙሉ አንድም ፈተና ተቀምጬ አላውቅም ነበር። የተቀመጥኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ያስቀመጠችኝም ተከራያችን።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። ልጅቷ የመጣችው በአንዲት ሻንጣና በአንድ የደም ግፊት መለኪያ ነው። ሱዳናዊት ናት። ካርቱም ውስጥ ነርስነት እየተማረች ሳለ ጦርነቱ ደረሰባትና በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ገባች። እናቷ ፖርት ሱዳን ቀርተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመንገድ የለቀመችው አማርኛ ነበራትና እኔን ሽማግሌውን "አንተ፣ ውሃ አለ?" ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ናት ቀስ አድርጋ "እርስዎ" ማለትን ያስተማረቻት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ድመቷንም "እርስዎ" ስትላት ሰማናት።

የርቀት ትምህርት ሲባል እኔ የማውቀው በፖስታ የሚላክ ሞጁል ነበር። የእሷ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ እንደ ተማሪዎቹ ተሰዶ ስልክ ውስጥ ገብቷል። አስተማሪዎቹ ተበትነዋል፤ ተማሪዎቹም ተበትነዋል። አንዷ ጓደኛዋ ካይሮ ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች። አንዱ ካምፓላ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያጸዳል። አንዷ ጅዳ ልጅ ትጠብቃለች። የእኛዋ ደግሞ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን አንዲት እናት ታስታምማለች፤ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። ቀን ሰው ያነሱበት እጅ ነው ጠዋትና ማታ መጽሐፍ የሚይዘው።

አጠናኗን ሳይ ራሴን አየሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በረንዳችን ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ ኔትወርኩ ጠንከር የሚለው እዚያ ነው። አሠሪዎቿ ፈቅደውላት፣ ሴትዮዋ ሸለብ ሲያደርጋቸው በእነሱ ዋይፋይ የአስተማሪዎቹን ትምህርት በስልኳ ታወርዳለች። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጆሮዋን ለአስተማሪው፣ አንድ ጆሮዋን ለረዳቱ ሰጥታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ስለ ኩላሊት ስትሰማ ፌርማታዋን አልፋ ታክሲው ባዶ እስኪሆን ድረስ ሄዳ፣ ጭቃውን እየዘለለች በእግሯ መጣች። "ኩላሊት ረጅም ነው" አለችን በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እያራገፈች።

ጓደኛሞቹ አንዳቸው ሌላቸውን የሚይዙበት አያያዝ ደግሞ ልብ ይነካል። የካይሮዋ መብራት ሲጠፋባት የካምፓላው ገጹን በድምፁ ቀድቶ ይልክላታል። የጅዳዋ ያልገባትን ስትጠይቅ የእኛዋ ሽንኩርት እየከተፈች ትመልሳለች። ዓረብኛ አልሰማም፤ ነገር ግን በመካከሉ የመድኃኒቶቹ ስም በእንግሊዝኛ ሲመጣ እኔም በረንዳ ላይ ሆኜ አብሬ እላለሁ። ብዙዎቹን ይዣቸዋለሁ። የዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙ ጊዜ፣ ባለቤቴ የሽሮ ወጥ ሠርታ ለማፍጠሪያዋ እስከ ማታ ታስቀምጥላት ነበር። "እሷም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ፤ የሚበላው አንተ ብቻ ነህ" ብላ ትወጋኛለች። እኔ በሕመም ምክንያት፣ ሐኪም ሳያዘኝ፣ ራሴን በራሴ ጾም የከለከልኩ ሰው ነበርኩ።

ወደዚያ ሕመም ልምጣ። ስኳር አለብኝ። በአንድ ወቅት የጤና ሠራተኞች ሰፈር ድረስ መጥተው ሲመረምሩ ነው የነገሩኝ። ሐኪም ቤት ሂድ ተባልኩ፤ አልሄድኩም። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩና መጽሐፍ አንብቤ ራሴን አከምኩ። ሆስፒታል ተኝቼ እንደማላውቅ ለመንደሩ ሁሉ የምነግረው ኩራቴ ነበር። ይሁንና እግሬ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የሌላ ሰው እግር ሆኖብኛል። ስቆም መሬቱ ፍራሽ ይመስለኛል። አንድ ቀን በጫማዬ ውስጥ ሚስማር ብቅ ብሎ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ሄጄበት፣ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ በደም ነው ያወቅሁት። ያ የግራ እግሬ ቁስል አልደርቅ አለ። ማር ቀባሁበት፣ ጨው ውሃ አደረግሁበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩትና ካልሲ አለበስኩት። ለባለቤቴም አልነገርኩም። ለማንም።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ከሥራ በፊት ወደ እኔ መጥታ ቆመች። እጆቿን አጣምራ ስትቆም የምትለምነው ነገር እንዳላት አውቃለሁ።

"አባባ፣ የተግባር ፈተና አለብኝ። አስተማሪዬ በቪዲዮ ታየኛለች። አንድ ትልቅ ሰው ከራስ እስከ እግር መመርመር አለብኝ። ስኳር ያለበት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው ብላለች።"

"የምታስታምሚያቸው እናትስ?"

"ቤተሰቡ ካሜራ አይፈልግም። እውነት አላቸው።"

"ታዲያ እኔ ምን ሆኜ?" አልኳት። "ተዘጋጅተሽ ነይ እንጂ የእኔን ነገር ተይው። እኔ አላሳፍርሽም።"

ይህችን ፈተና ካለፈች የመጨረሻውን ዓመት ትጀምራለች። ካላለፈች ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች፤ ጓደኞቿ ጥለዋት ይሄዳሉ፣ የድምፅ መልእክቱም የሽንኩርቱም ትምህርት ያከትማል። ይህን ሁሉ ነገረችኝ። እኔም በሚገባ ሰማሁ። ግን ምን አደረግሁ? ፈተናው የእኔ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጢሜን ተላጨሁ፣ ኮቴን ለበስኩ። ሳሎናችን ውስጥ ስልኳን በመደርደሪያው ላይ አስደግፋ አቆመች። ባለቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንዳትናገር ተነገራት። በስልኩ ውስጥ አስተማሪዋ ታየች፤ ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ የደከመ፣ ከኋላዋ የሰው ማድቤት የሚታይ። እሷም በሰው አገር እንደሆነች ያስታውቃል።

ልጅቷ ነጭ ገዋኗን ለብሳ እጇን ታጥባ ቀረበችኝ። "አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።"

"የሚያምዎት ነገር አለ?"

"ምንም! እንደ ወጣት ነኝ።"

ከጥጉ የባለቤቴ ሳል ተሰማ። ልጅቷ ወደ ዓረብኛ መለሰችው። ግፊቴን ለካች፣ ደረቴን አዳመጠች፣ ዓይኔን አየች። ከዚያ ካልሲ እንዳወልቅ ጠየቀችኝ። የቀኙን አወለቅሁ።

"ግራውንም፣ አባባ?"

"እሱም እንዲሁ ነው። ወንድማማች አይደሉ? አንዱን ያየ ሌላውን አየ።"

አስተማሪዋን አየች፣ እኔን አየች። አልደገመችም። እጀታ ያላት ቀጭን የናይለን ክር አወጣችና ዓይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። በክሩ ጫፍ እግሬን በየቦታው ትነካለች፤ ሲሰማኝ "አዎ" እላለሁ።

ጨፈንኩ። የመጀመሪያዋ ተሰማችኝ። ሁለተኛዋ አልተሰማችኝም፤ ሆኖም የልጅቷን አነካክ ምት ያዝኩት። ትነካለች፣ ትንፋሽ ትስባለች፣ ትነካለች። ስንት ዓመት ሽቦ በጨለማ ጣሪያ ውስጥ በግምት ስቀጥል የኖርኩ ሰው ይህ አያቅተኝም። በትንፋሿ ሄድኩ። "አዎ። አዎ። አዎ።" ሁሉንም መለስኩ። ዓይኔን ስገልጥ መቶ ከመቶ ያገኘሁ ያህል ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ለአስተማሪዋም በራሴ እንግሊዝኛ "ጥሩ ተማሪ ናት" አልኳት።

አስተማሪዋ ፈገግ አላለችም። በዓረብኛ ረጅም ነገር ተናገረች። ልጅቷ አልተረጎመችልንም። ስልኩ ሲዘጋ ገዋኗን አጣጥፋ፣ አመስግናን ወጣች።

"ምን ሆነች?" አልኩ።

ባለቤቴ ተከትላት ሄደች። በሰርቪሷ በር ላይ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። ኋላም ሁለቱም ተመልሰው መጡ። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ንገሪው" አለቻት።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ምን አጠፋሽ?"

"አንድ እግር ብቻ አየሁ። ሁለት ነው የሚታየው። ደግሞ..." ወደ መሬት አየች። "ሳልነካዎት 'አዎ' አሉ።"

"መቼ?"

"ሦስት ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። ሆን ተብሎ እንዲህ ይደረጋል፤ ሰውየው የሚገምት ከሆነ ለማወቅ። እርስዎ 'አዎ' አሉ። እኔ አይቻለሁ። አስተማሪዬም አይታለች። ለእሷ ግን 'ይሰማዋል' ብዬ ነገርኳት።"

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"እንዴት አባባን ዋሹ እላለሁ?" አለችኝ።

አስተማሪዋ ያለቻትን ነገረችን። በሽተኛን አከብራለሁ ብለው ዝም የሚሉት ከሆነ፣ ክብሩ እግሩን ያስቆርጠዋል። አንድ ዕድል ብቻ ሰጥታታለች፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ። ያም ካልሆነ ዓመቱ ሄደ።

"ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አለች ልጅቷ። "እርስዎን አላስቸግርም።"

ክፉ ቃል ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ሰላም ብላኝ ትሄዳለች፤ ከወትሮውም አስበልጣ ጎንበስ ትልልኛለች። ማታ ስትመለስ ጎረቤት ለጎረቤት ስኳር ያለበት ሰው ትጠይቃለች። አንዱ ቅዳሜ አይመቸኝም ይላታል፣ አንዷ ፎቶ አልነሳም ትላታለች፣ አንዱ ካልሲዬን ለማንም አላወልቅም ይላታል። ይኸኛውን እኔም አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ሽንብራ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "እንዴ፣ አንተ የሚሰማህ ይመስለኝ ነበር እኮ" አለችኝ።

"ይሰማኛል።"

"ባለፈው ትኩስ ውሃ እግርህ ላይ ሲፈስ አልዘለልክም።"

"የቻልኩት ነው።"

"አዎ፣ ጀግና ነህ" አለችና ለቀማዋን ቀጠለች። ከአርባ ዓመት በላይ አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሲያስፈልግ በአንድ ቃል ራቁቴን ታስቀረኛለች።

እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት አላውቅም ሳልል ነው። ለሰው አላውቅም አልልም፤ ለብቻዬ ገብቼ አውቄ እወጣለሁ። የኖርኩበት መንገድ ይህ ነው፤ አላፈርኩበትም። ይሁንና ያን ሳምንት ካልሲዬን ባወለቅሁ ቁጥር ቁስሉ እየሰፋ ነበር። ሽታም ጀምሮት ነበር። መጽሐፌን አገላበጥኩ፤ መጽሐፉ ሐኪም አማክር ይላል። ሁልጊዜም ይህችን መስመር ዘልያት ነበር የማነበው።

ዓርብ ማታ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

"ሰው አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

"በሽተኛሽ እኔ ነኝ። ሁለቱንም እግር ታያለሽ።"

አየችኝ። "አባባ፣ እውነት የሚናገር በሽተኛ ነው የምፈልገው።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአንዲት ልጅ አፍ ሰምቼ ያልተሟገትኩት የመጀመሪያዬ ነው። "እሺ" አልኳት።

በማግስቱ ኮት አልለበስኩም። ስልኩ ያው መደርደሪያ ላይ ቆመ፤ አስተማሪዋ ከዚያው ማድቤት ታየች። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ስልኩን ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዤው ነበር፤ ይህንንስ የሚሠራላት ማን ነው?

"ጤናዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩና፣ ቃሉ አፌን አልፎ ከሄደ በኋላ ቀጠልኩ፤ "ግን ደህና አይደለሁም። እግሬ አይሰማኝም። ግራው ቆስሏል።"

ባለቤቴ ከጥጉ ተነሳች። እንዳትናገር የታዘዘችውን አልጣሰችም፤ ቆመች ብቻ። ካልሲዬን እኔው አወለቅሁት። ጨርቁን ግን ልጅቷ ናት ያነሳችው። መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ተረከዜን በመዳፏ ይዛ፣ በጨው ውሃ እያረጠበች ቀስ በቀስ ላጠችው። ሽታው ሲወጣ ፊቷን አላዞረችም። እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት። ባለቤቴ መጥታ ትከሻዬን ያዘች።

ልጅቷ የቁስሉን ስፋት ለካች፣ ጠርዙን አየች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተች። ለአስተማሪዋ ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ክሩን አወጣች።

"ይጨፍኑ፣ አባባ።"

ጨፈንኩ። ትንፋሿን እሰማዋለሁ፤ ምቷን አውቀዋለሁ፤ ብፈልግ አሁንም ሁሉንም እመልሰው ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። አንድ ቦታ ላይ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ፣ እንደ ዝንብ ክንፍ የመሰለ ነገር መጣ። "አዎ" አልኩ። እንደገና ዝም። የባለቤቴ ጣቶች ትከሻዬ ላይ እየጠበቁ ሄዱ፤ እሷ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ክሩ የት የት እንደሚነካኝ ታያለች። ምን ያህል እንዳልተሰማኝ በእሷ ጣቶች ነው ያወቅሁት።

አስተማሪዋ ልጅቷን ብዙ ጠየቀቻት፤ እሷም መለሰች። በመጨረሻ በቀጥታ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ፣ "ውጤቷን ገና አልሰጥም" አለች። "የነርስ ሥራ ቁስል በማየት አያልቅም። ዛሬ ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። ሐኪም ያየዎት እንደሆነ ትጽፍልኛለች፤ ያኔ ውጤቷን እጽፋለሁ።"

"ሰኞ እሄዳለሁ" አልኩ።

ልጅቷ ገዋኗን እያወለቀች ነበር። "ዛሬ ነው ያለችው" አለች።

"ዛሬ!" አለች ባለቤቴ። ጋቢዬን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

በባጃጅ ሄድን፤ ሦስታችን ተጣብቀን፣ የቆሰለው እግሬ በልጅቷ ጭን ላይ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ አወጡልኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ የመጀመሪያ ካርዴ ነው። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነበር። ቁስሉን አየና ማን እንዳጠበው ጠየቀ። ልጅቷን አሳየሁት። "ነርስ ናት" አልኩ፤ ገና ናት ብሎ የሚያርመኝ አልነበረም። ሐኪሙ ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ አጥንት ድረስ ይገባ እንደነበር ነገረኝ፤ መድኃኒት ጻፈ፣ በየሁለት ቀኑ እንድመለስ አዘዘኝ። "ማን ነው ያመጣዎት?" አለኝ።

"በራሴ እግር ነው የመጣሁት" አልኩት።

"በባጃጅ ነው" አለች ባለቤቴ።

ቁስል ማሸጊያ ክፍል ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ጨርቅ ስትቀይርልኝ ልጅቷ አጠገቧ ቆማ እጇን ታያለች። ያኔ ስልኳ ጮኸ። አወጣች፣ አነበበች፣ ኪሷ ከተተችው። ማሸጉ እስኪያልቅ ልጠብቅ አልኩ፤ አልቻልኩም።

"ስንት አመጣን?" አልኳት።

ፊቷ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ተከፈተ። "አባባ፣ እርስዎ ወድቀዋል" አለችኝ። "እኔ አልፌያለሁ።"

ባለቤቴ በኮሪደሩ ያለ ሰው እስኪዞር ድረስ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ልጅቷ ልታቅፋት ሄደች። እኔም ልነሳ ስል ነርሷ ቁርጭምጭሚቴን ያዘችኝ።

"እግርዎን አያንቀሳቅሱ" አለችኝ፣ "ገና አልጨረስኩም።"